ክብደትህን ሳትነግረኝ ፎርኩን አትስደብ

ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ደግሞ ቀና በሉ፣ መሐል ላይ ስሌት አለ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ደወለችልኝ። ስሟን አልጠራም፤ እዚሁ ስላለች ይሄንንም ታነበዋለች። "ቲቸር፣ ፎርክ የሚገዛ ሰው ያውቃሉ?" አለችኝ። የተራራ ሳይክል ፎርክ ማለቷ ነው። ለማታውቁት፦ ከመሪው ወርዶ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው፣ ድንጋይ ሲመታ ሰመጥ ብሎ የሚመለሰው ክፍል ነው። የሷ ፎክስ 36 ታላስ ይባላል። አየር ነው የሚሸከመው፣ ሞላ የለውም። ልዩ የሚያደርገው ከላይ ያለው ማዞሪያ ነው፤ እሱን እያዞራችሁ ፎርኩ የሚሰምጥበትን ርዝመት 160፣ 130 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ማድረግ ትችላላችሁ። አጎቷ ከዴንቨር ሲመጣ የራሱን ሳይክል ነው ያወረሳት።

"ምነው፣ ምን ሆነ?"

"ቆሻሻ ነው እያሉኝ ነው።"

"ማነው የሚለው?"

"ሁሉም።"

"ሁሉም" የሚባለው አንድ የቴሌግራም ቡድን ነው። የተባለውን አንድ በአንድ ላከችልኝ፤ አንድ ሙሉ ምሽት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንዱ "ታላስ እንጨት ነው፣ ጣይው" ይላል። ሌላው "አሜሪካ ያሉት ራሳቸው ትተውታል" ይላል። አንዱ ሳይንቲስት ደግሞ "የአዲስ አበባ ከፍታ ለአየር ፎርክ አይሆንም" ብሎ አስተምሯታል። "ለሴት ይከብዳል" ያለም አለ፤ እሱን ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። ሁሉንም የሚብሰው ግን በሙሉ እርግጠኝነት "100 ላይ አድርጊና እዛው ተይው፣ ዝቅ ሲል ለመቆጣጠር ይቀላል" ያላት ነው።

እሷም ሰማችው። 100 ላይ አድርጋ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ስትወርድ በመሪው ላይ ተወርውራ ወደቀች። የእጇ አንጓ ተጎዳ። ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለዚህ ነው እንጂ ፎርክ አልሸጥም፣ የፎክስ ወኪልም አይደለሁም። እኔ የምነዳው ፎርክ ምንም የሚዞር ነገር የለውም፤ በ61 ዓመቴ የሚዞረው ራሴ ብቻ ነው።

ያንን ሁሉ መልእክት ሳነብ የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንድም "ስንት ኪሎ ነሽ?" ብሎ የጠየቃት የለም። "ፎርኩ ውስጥ ስንት አየር አለ?" ያለ የለም። "የት ነው የምትነጂው?" ያለም የለም። ሐኪም ቤት ገብታችሁ ሐኪሙ ሳይነካችሁ፣ ሳይጠይቃችሁ፣ ከበር ላይ "ኩላሊትህ ይውጣ" ቢላችሁ ምን ትላላችሁ?

ቅዳሜ ጠዋት ሳይክሉን በታክሲ ጭና ቤቴ መጣች። እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። መጀመሪያ የሾክ ፓምፕ አወጣሁ። (የጎሚስታ መንፊያ ለዚህ አይሆንም። ፎርክ ውስጥ ያለው የአየር ክፍል ጠባብ ስለሆነ ትንሽ አየር ብቻ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ልኬት የምታሳይ ትንሽ ፓምፕ አለች፣ እሷ ናት የምታስፈልገው።) ስንለካው 90 ፒኤስአይ።

"አጎትሽ ስንት ኪሎ ነው?"

"ኧረ እንጃ፣ ወፍራም ነው።"

በዋትስአፕ ጠየቀችው። ዴንቨር ሌሊት ስለነበር መልሱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፦ "96። ምነው፣ እናትሽ ናት ያስጠየቀችሽ?"

እሷ 54 ናት።

እንግዲህ ስሌቱ። ፎርኩ እኩል እንዲሰምጥ ከተፈለገ የሚያስፈልገው የአየር ግፊት በግምት ከነጂው ክብደት ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ግፊት በስፋት ሲባዛ ኃይል ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ ስንቴ ጽፌዋለሁ! 54ን ለ96 አካፍሉ፣ በ90 አባዙ። 50.6 ይመጣል። ልጅቷ ከሚያስፈልጋት 40 ፒኤስአይ ገደማ በላይ ተሞልቶላት ስትነዳ ነበር። በአጎቷ አየር ላይ ነበረች ማለት ነው። እንጨት ባይሆንባት ነበር የሚገርመው።

በስሌት ብቻ አላመንኩም። የፎርኩ እግር ላይ ያለችውን ቀጭን ጎሚኒ ወደ ታች ገፋንና፣ እሷ ቀስ ብላ ሳይክሉ ላይ ቆመች (እኔ ደግፌአት)፣ ከዚያ ወረደች። ጎሚኒዋ ስንት እንደተገፋች በማስመሪያ ትለካላችሁ። ሳግ ይሉታል ነጂዎቹ፤ በገዛ ክብደታችሁ ብቻ የሚሰምጠው መጠን ነው። ለዚህ ዓይነት ፎርክ ከሙሉ ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ 160 ላይ ከ24 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የሷ 11 ነበር። አየሩን ወደ 51 አወረድነው፣ ደግመን ለካን፣ 27። (ታላስ ላይ አየር የሚሞላውም ሳግ የሚለካውም በረጅሙ፣ በ160 አድርጋችሁ ነው። በ100 ለክታችሁ ተበላሸ እንዳትሉኝ።)

ከዚያ ከታች በኩል ያለችው ቀይ ማዞሪያ። እሷ ፎርኩ ከሰመጠ በኋላ የሚመለስበትን ፍጥነት ነው የምትቆጣጠረው። አጎትየው ለራሱ 90 ፒኤስአይ በጣም አጥብቋታል፣ ትክክልም ነው፤ ብዙ አየር በኃይል ስለሚመልስ መያዝ አለበት። አየሩ ሲቀንስ ግን ያው ጥብቀት ፎርኩን ያስረዋል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲመጣ ሳይመለስ እየሰመጠ እየሰመጠ ይቀራል። ስለዚህ ላላ አደረግናት። ቀላል ሰው ሙሉ በሙሉ አላልቶትም ፎርኩ የሚዘገይበት ጊዜ አለ፤ ፋብሪካው የውስጡን ዘይትና ቫልቭ ሲመጥን የሚያስበው መካከለኛ ክብደት ያለውን ሰው ነውና። ያኔ ውስጡን የሚያውቅ ሰው በቀጭን ዘይት ሊያስተካክለው ይችላል። የሷ እዛ አላደረሰንም።

እውነቱን ልናገር፣ ከዚህ ሁሉ በኋላም ትንሽ ይይዝ ነበር። የታችኛውን እግር ስንከፍት ከአንዱ በኩል የወጣው ዘይት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ስንት ዓመት እንዳልተነካ እግዜር ይወቀው። ዘይት ጨመርን፣ ጎሚኒዎቹን አጸዳን፣ አለቀ። ወጪው የዘይቱ ብቻ ነው። ልጅቷ ግን ይሄን "ቆሻሻ" ሸጣ ለአዲስ ፎርክ ከሦስት ወር ደሞዟ በላይ ልታወጣ ነበር።

አሁን ወደ ሳይንቲስቱ ልምጣ። "ከፍታ ለአየር ፎርክ አይሆንም።" ወንድሜ፣ የውጭው አየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ 14.7 ፒኤስአይ ነው። ዴንቨር 1600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዛ 12 አካባቢ ነው። አዲስ አበባ በ2400 ሜትር ገደማ 11 አካባቢ። ሳይክሉ የመጣው ከዴንቨር ስለሆነ ልዩነቱ 1 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ከ40 ትርፍ አጠገብ ይሄ ምንድነው? አዎ፣ በታችኛው እግር ውስጥ ታፍኖ የሚቀር አየር አለ፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ተገጥሞ በቀጥታ እንጦጦ የወጣ ፎርክ በዚህ ምክንያት መጨረሻው ላይ ሊደርቅ ይችላል። ፋብሪካዎቹም ስለሚያውቁት በአዳዲሶቹ ላይ ማስተንፈሻ ቁልፍ ማድረግ ጀምረዋል። በአሮጌው ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ከአቧራ መከላከያው ጎሚኒ ሥር በጥንቃቄ አስገብቶ ማስተንፈስ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከፍታችንን አትስደቡ፤ ስንት ሯጭ አፍርቷል።

የ100ው ምክር ግን አያስቀኝም። የፎርኩ ርዝመት በ20 ሚሊ ሜትር ባጠረ ቁጥር የመሪው አንገት በግምት 1 ዲግሪ ይቆማል። ከ160 ወደ 100 ስታወርዱት 60 ሚሊ ሜትር ነው፣ 3 ዲግሪ። የሳይክሉ አፍንጫ ይደፋል፣ የፊት ጎማው ወደ እናንተ ይጠጋል፣ ክብደታችሁ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ፔዳሉም ወደ መሬት ይቀርባል። በዚህ ሁኔታ ላይ እንደ እንጦጦ ያለ ቁልቁለት፣ ልቅ ድንጋይ፣ የፊት ፍሬን፣ ደግሞም የማይሰምጥ ፎርክ ጨምሩበት። የ54 ኪሎ ሰው የት ይደርሳል? የደረሰችበትን አይታችኋል።

አጭሩ ቦታ የተሠራው ለዳገት ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ዳገቱ ሲጠና የፊት ጎማው ቀልሎ ግራ ቀኝ ይቅበዘበዛል፣ መሪው እንደ ሰካራም ይሄዳል። ፊቱን ዝቅ ስታደርጉት ክብደታችሁ ወደ ፊት ይመጣና ጎማው መሬት ይይዛል። ላይ ስትደርሱ ቆማችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ፣ ወደ 160 ታዞሩታላችሁ። ሽቅብ ዝቅ፣ ቁልቁል ከፍ። ይሄ ነው ጠቅላላ ትምህርቱ። መካሪው ተገልብጦ ነው የያዘው፤ ሳይክሉን ያገለበጠውም እሱ ነው።

"አሜሪካ ያሉት ትተውታል" ለሚለው ደግሞ፦ ውሸት አይደለም። ፎክስም ዛሬ ታላስን አይሠራም። ግን ለምን እንደተተወ ማን ጠየቀ? አንዱ ምክንያት አዳዲሶቹ ሳይክሎች የኮርቻቸው ቱቦ ቀጥ ብሎ መሠራቱ ነው። ድሮ 72፣ 73 ዲግሪ የነበረው ዛሬ 76ና ከዚያ በላይ ነው። ነጂው ከመጀመሪያው ወደ ፊት ስለሚቀመጥ ዳገት ላይ የፊቱ ጎማ አይቀልበትም፣ ፎርክ ማሳጠር አያስፈልገውም። የሷ ሳይክል ግን የድሮው ዓይነት ነው። ሌላው ደግሞ አስተያየት የሚሰጠው ሰው የሚነዳበት ቦታ ነው። ካናዳ ዊስለር ያለ ነጂ ሳይክሉን በገመድ ወንበር ላይ ሰቅሎ ተራራ ይወጣና ሲወርድ ይውላል። ለሱ የሚያጥር ፎርክ የማይጠቅም ክብደት ነው፣ እውነቱን ነው። እኛ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ላይ የሚያወጣን ገመድ የለም፤ የሚያወጣን ጉልበታችን ነው። የዊስለሩን ሰው ቃል ተርጉሞ ለሷ መስጠት የሰው መነጽር ማድረግ ነው።

ታላስን የሚያማርሩ ነጂዎች ሁሉ ተሳስተዋል እያልኩ አይደለም። ማስተካከያው ውስጥ ያሉት ተጨማሪ ጎሚኒዎች ሰበቃ ይጨምራሉ፤ ቋሚ ርዝመት ካለው ወንድሙ ከፍሎት ጋር ስታነጻጽሩት ትንንሽ ድንጋይ ላይ ደረቅ ይላል። ብዙ ክፍል ያለው ነገር ለመበላሸትም ብዙ ቦታ አለው፣ መለዋወጫውም እዚህ እንደ ጎማ የትም አይገኝም። ብዙ ነጂዎች ውስጡን አውጥተው በከፍሎት የአየር ክፍል ቀይረውታል፤ ምክንያት ነበራቸው። እሷም አንድ ቀን ጎሚኒው አልቆ መለዋወጫ ካጣች ያንኑ አድርጊ እላታለሁ። ያ ግን የፎርኩን ውስጥ የሚያውቅ ሰው ቅሬታ ነው። "እንጨት ነው፣ ጣይው" ሌላ ነገር ነው።

ለቡድኑ አስተዳዳሪዎችም ይሄንኑ ጽፌላቸው ነበር፤ "አባባ፣ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ሳይክል ነው እንጂ ስለ ፊዚክስ አይደለም" የሚል መልስ ደረሰኝ። ይሁን። የጠየቅኳቸው ቀላል ነገር ነበር፦ አንድ ሰው ስለ ፎርክ ሲጠይቅ ከመልሱ በፊት ኪሎውን፣ የአየሩን መጠንና የሚነዳበትን ቦታ አስጽፉት። አስተያየት የሚሰጠውም የራሱን ይጻፍ። 95 ኪሎ የሆነ ሰው "ለኔ 85 ፒኤስአይ ላይ ተመችቶኛል" ቢል እሷ አካፍላ አባዝታ ትጠቀምበታለች። እንዲህ ያለ አስተያየት ከሺህ "ቆሻሻ ነው" ይሻለኛል።

ልጅቷ ፎርኩን አልሸጠችም። ሐኪሟ እስኪፈቅድላት ግን አትነዳም፤ ደውላ "ግቢ ውስጥ ብቻ ትንሽ..." ስትል ተቆጥቻታለሁ። አጎቷም ነገሩን ሲሰማ ደንግጦ ደወለልኝ፣ አየሩን ቀንሶ መስጠት ነበረብኝ አለ። እንግዲህ ማን ያስበዋል፤ ስጦታ ሲሰጥ አየሩን ማን ይለካል።

የሾክ ፓምፑ እኔ ቤት አለ። ፎርኩ "እንጨት" የሆነበት ሰው ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ ይምጣ፣ ኪሎውን ተመዝኖ። የሚያፍር ካለ በጆሮዬ ይንገረኝ። አምና ካቻቢቴዬን የወሰደው ደግሞ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሲመጣ ይዞት ይምጣ።