የላስታን ድንጋይ ማን ያንብበው?

ባለፈው ክረምት ላስታ በሄድኩ ጊዜ አያቴ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ እያመለከቱ፥ «ልጄ፥ ስለ ምድር ትማራለህ ይባላል። እስቲ ንገረኝ፥ ይህ ሁሉ ድንጋይ ከየት መጣ?» አሉኝ። በፈተና ጥሩ ማርክ ያገኘሁበት ጥያቄ ነበር። ነገር ግን መልሱን የማውቀው በእንግሊዝኛ ብቻ ኖሮ፥ አንደበቴ ተሳሰረ።

ማለት የነበረብኝ ይህን ነበር። ከ4 ቢሊዮን 567 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ የጋዝና የአቧራ ደመና በገዛ ስበቱ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። በተሰበሰበ መጠን መሽከርከሩ እየፈጠነ እንደ ምጣድ ተዘረጋ። ከመካከሉ ፀሐይ ተወለደች። በዙሪያዋ የቀረው አቧራ እየተጣበቀ ጠጠር፥ ጠጠሩ ቋጥኝ፥ ቋጥኙም እርስ በርሱ እየተጋጨ ምድርንና ጓደኞቿን ሆነ። ለፀሐይ በቀረበው ስፍራ ሙቀቱ ብርቱ ስለ ነበረ ብረትና ድንጋይ በረከቱ፤ ራቅ ባለው ቀዝቃዛ ስፍራ ደግሞ እነጁፒተር ጋዙን ሰብስበው ገዘፉ። ይህ ተረት አይደለም። ክሌር ፓተርሰን የተባለው አሜሪካዊ በ1956 እ.ኤ.አ. ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች ውስጥ ያለውን እርሳስ መዝኖ የምድር ዕድሜ 4 ቢሊዮን 550 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን አስረድቷል።

የላስታ ድንጋይ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ልጅ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የወጣው ቅላጭ ድንጋይ እየፈሰሰና እየተደራረበ ይህን ደጋ ሠራው። የምድርን ዕድሜ ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 5 እንደሚደርስ አንድ ዓመት ብንቆጥረው፥ ይህ የሆነው ጳጉሜን 3 ቀን፥ በሩፋኤል ዕለት ነው። ንጉሥ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ያሳነጸው ደግሞ ዘመን ሊለወጥ ስድስት ሰከንድ ያህል ሲቀረው ነው።

«ይህ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እኔም እጠይቀዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሰነጠቅ ማን ይጠግነው? ያ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የወለደው፥ ቀዳዳ የበዛበት ነው። ለመፈልፈል ያመቸው ይኸው ጠባዩ ውሃን ያስገባበታል፤ ውሃውም ይሰነጥቀዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ዝናብ እንዲከላከሉ በውጭ አገር ገንዘብ ትልልቅ መጠለያዎች ተተከሉ፤ የአገሩ ሰው ግን ክብደታቸው ያሰጋው ጀመር። የድንጋዩን አወላለድ የማያውቅ አሟሟቱን ሊከለክል አይችልም። ይህን ዕውቀት ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ ስንለምን ልንኖር ነውን?

ሌላው ደግሞ «ሃይማኖትን ይነካል» ይላል። አያቴ ግን አልተቆጡም፤ ጠየቁ እንጂ! የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት በ19 ዓመት ቀመር እያሰሉ በዓላትን የሚያወጡት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ባሉበት አገር ሰማይን መመርመር እንግዳ ነገር አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጨረቃ ፀሐይን ሸፍና ዳርዋን እንደ ቀለበት ስታስቀረው ላሊበላ ከመንገዱ ላይ ነበረች። በእንጦጦ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ በላሊበላ አካባቢ ከፍታ ላይም ሌላ የሰማይ መመልከቻ ለመሥራት ሲታሰብ ቆይቷል። መመልከቻው ቢሠራ ከበሩ የሚቆመው የላስታ ልጅ ዘበኛ ሆኖ ነው ወይስ ተመራማሪ ሆኖ?

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። የምድር ጥናት ተማሪዎች የባዕድ አገር ሥዕል ከመሸምደድ አልፈው ላስታ ወርደው ድንጋዩን በእጃቸው ይዳስሱ። ማኅበራችን በዚህች መጽሔት ሳይንስ በአማርኛ የሚገለጽበት አንድ ገጽ ይለይ። እያንዳንዳችንም ለዕረፍት ስንሄድ ቢያንስ አንድ ትምህርት በመንደራችን ቋንቋ እናስረዳ። ለእናቱ ሊያስረዳው ያልቻለውን ትምህርት ዐወቅሁት የሚል ተማሪ ራሱን ያታልላል።

እኔ በመጪው ዕረፍት ከዚያው ደጃፍ እቀመጣለሁ። የአያቴ ጥያቄ ዕዳ ሆኖብኛልና።