አገዳውንና አረሙን አታቃጥሉት!

ዛሬ ትንሽ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ቅር እንዳትሰኙብኝ።

ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከዱርቤቴ ወጣ ብላችሁ ማሳውን ተመልከቱ። የበቆሎ አገዳው፣ ከድንበር የተመነጠረው ሣር፣ የጓሮው ጥራጊ ተከምሮ ይጨሳል። ሰኔ ሲገባ ያው ሰው ለዩሪያ ይሰለፋል። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ጠፍቶ የክልላችን አርሶ አደሮች እስከ ባሕር ዳር ሄደው አቤት ማለታቸውን አልረሳንም። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ ማዳበሪያ በወቅቱ ማግኘት መብታችሁ ነው። ግን አንዱን ኩንታል እየለመንን ሌላውን በገዛ ክብሪታችን ማንደዳችንስ?

እስቲ እናስላው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ከአንድ ሄክታር በቆሎ 40 ኩንታል ደረቅ አገዳ ቢተርፍ፣ በውስጡ 25 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይኖራል። የግማሽ ኩንታል ዩሪያ ያህል ማለት ነው። እሳት ሲለቀቅበት ይህ ናይትሮጅን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ድኙም አብዛኛው እንዲሁ። «አመዱስ መሬት ያዳብር የለ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ፖታሽየም አለው፣ የአፈሩንም ኮምጣጣነት ትንሽ ይቀንሳል። ግን የሚጠቀመው ክምሩ የነደደበት ቦታ ብቻ ነው፤ ያውም ነፋስና የመጀመሪያው ዝናብ ካልወሰደው።

አፈራችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። የአቸፈር፣ የሜጫ፣ የቡሬ ቀይ አፈር አሲዳማነት ያጠቃዋል። እንዲህ ያለ አፈር የጨመራችሁትን ፎስፈረስ በአሉሚኒየምና በብረት ያስረዋል። ገንዘቡን ከፍላችኋል፣ ሰብሉ ግን አያገኘውም። ብስባሽ አሉሚኒየሙን ይዞ ጉዳቱን ያቀልላል፣ እርጥበትም ያቆያል። ኖራን አይተካም፤ ያግዘዋል እንጂ።

የምትሰጡኝን መልስ አውቃለሁ።

«አገዳው የከብትና የማገዶ ነው» ትላላችሁ። ልክ ነው፤ ከብት የሚበላውን ይብላ፣ ማገዶ የሚሆነው ቤት ይግባ። እኔ የምለው ከበረት የሚተርፈውን፣ ማሳ ለማጽዳት ተብሎ ብቻ የሚቃጠለውን፣ በአረም ወቅት ቦይ ውስጥ የሚጣለውን ነው።

«አረሙ ይመለስብናል» ትላላችሁ። ያልጋለ ክምር ከሆነ እውነት ነው። በደንብ የተሠራ ክምር ግን ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይሞቃል፤ አብዛኛው የአረም ዘር እዚያ ይሞታል። ሙጃና መጭ ሳያፈሩ ይግቡ። ሰርዶና እንግጫ ሥራቸው መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ያፈራ አቀንጭራ ካገኛችሁ እሱን ለይታችሁ አቃጥሉት፤ ለዚያ እሳት አልከለክልም።

«ሞክረን አልሆነልንም» ትላላችሁ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ የባለሙያዎችም ነው። ጉድጓድ አስቆፈርን፣ ሜትር ኪዩብ ቆጥረን ሪፖርት ላክን፣ ብስባሹ ማሳ መድረሱን ግን አላየንም። ክረምት ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ሞላበትና ሸተተ። ከቆጠሩት አንዱ እኔ ነኝ።

እንግዲህ ለሪፖርት ሳይሆን ለማሳችሁ እንሥራው። ጊዜው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ አረንጓዴው ሳይደርቅ፣ መስከረምና ጥቅምት ነው። አምና የተረፈ አገዳ ካለ ለዚያ አቆዩት። የዘንድሮው ሲታጨድም ሌላ ክምር ይጀመራል። ለሸክም እንዳይከብድ ማሳው ጥግ ላይ ሥሩት። እርጥበት ባለበት ወቅት ከመሬት በላይ መከመር፣ በበጋ ደግሞ ጉድጓድ ይሻላል።

አገዳውን በገጀራ ቆራርጣችሁ ስንዝር ያህል ንጠፉት። በላዩ አረምና የብሳና ቅጠል፣ ከዚያ እበት ወይም ፍግ፣ ከዚያ ስስ አፈር። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል እስኪደርስ ደጋግሙት። አገዳ ብቻውን አይበሰብስም፤ ሳይበሰብስ አፈር ውስጥ ከገባም ናይትሮጅኑን ስለሚሻማ በቆሎው ቢጫ ይሆናል። አረንጓዴና እበት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አታስገቡ። እርጥበቱ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይሁን። መሐሉ ላይ ዱላ ሰክታችሁ በሳምንቱ አውጡና ዳስሱት። ትኩስ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃና እበት ጨምሩ። በወሩ አገላብጡት። በሦስት አራት ወር ይደርሳል፤ ለግንቦት ዘር አያመልጣችሁም።

የወረቀት ወሬ እንዳይመስላችሁ። ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከትግራይ አርሶ አደሮች ጋር ብስባሽ ሲያሠሩ፣ ምርቱ ምንም ካልተጨመረበት ማሳ በእጅጉ በልጦ ታይቷል።

አንድ ክምር ሙሉ ማሳ አያዳርስም፤ አልዋሻችሁም። ከአንዷ ቃዳ በጣም የደከመውን ጥግ ምረጡ፣ በዘር ቦዩ ውስጥ ጨምሩበት፣ ነሐሴ ላይ ያንን ጥግ ከሌላው ጋር አስተያዩ። ካልተለየ መጥታችሁ ውቀሱኝ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኛ ደግሞ ክብሪት እየለኮስንበት ነው። ይህን ጽሑፍ ለሌሎች አጋሩ፤ ስልክ የሌለው ጎረቤት ካላችሁም አንብቡለት።