ቡድኑን ያሳጣን ማን ነው?

በዚህ ሰሞን በመመገቢያው አዳራሽም ሆነ በመኝታ ቤቱ የሚሰማው ክርክር የሲያትል የቅርጫት ኳስ ቡድን ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚል ነው። መከራከሩ መልካም ነው። ነገር ግን በክርክሩ መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም፣ «ሱፐርሶኒክስን ያሳጣን የከተማው ሕዝብ ንፍገት ነው፤ በ2006 ለአዳራሹ ማደሻ ገንዘብ ቢሰጥ ኖሮ ቡድኑ ዛሬም እዚሁ በሆነ ነበር» የሚለው ነው። እኛ ይህን አነጋገር አንቀበለውም። የማንቀበልበትንም ምክንያት ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን መግለጽ ይገባናል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

አብዛኞቻችን ያን ጊዜ ሕፃናት ስለ ነበርን ነገሩን ከመሠረቱ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሱፐርሶኒክስ በ1967 ተመሥርቶ በ1979 የሊጉን ዋንጫ ያገኘ፣ በ1996ም ጌሪ ፔይተንና ሾን ኬምፕ በነበሩበት ጊዜ ለዋንጫ ደርሶ በቺካጎ የተሸነፈ ቡድን ነው። ይጫወትበት የነበረው አዳራሽ ለ1962 የዓለም ትርኢት የተሠራ የሕዝብ ንብረት ሲሆን፣ በ1994 እና በ1995 ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ ተደርጎበት ከጣሪያው በታች ያለው እንደ አዲስ ተሠራ። የኪራዩም ውል እስከ 2010 እንዲቆይ ተፈረመ። ዐሥር ዓመት ያህል እንዳለፈ ግን አዳራሹ ጠበበ፣ ለባለ ጸጋ ተመልካች የሚሆነው ልዩ ክፍል አነሰ፣ ምግብ መሸጫው አልበቃም ተባለ። የባለቤቶቹ አለቃ የነበሩት የስታርባክስ ሊቀ መንበር ሃዋርድ ሹልትዝ ለማደሻ 220 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከሕዝብ ጠየቁ፤ ካልተሰጠም ቡድኑ ከከተማው ሊወጣ እንደሚችል አስታወቁ።

(የዚህ ኩባንያ ስም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በዚያው ሰሞን መንግሥታችን «ሲዳሞ»፣ «ሐረር» እና «ይርጋ ጨፌ» የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲጥር ከኩባንያው ጋር የታወቀ ክርክር ገጥሞ፣ ነገሩ በ2007 በስምምነት አልቋል።)

የክፍለ ሀገሩ ሸንጎ የተጠየቀውን አልሰጠም። ስለዚህ በ2001 በ200 ሚሊዮን ዶላር የተገዛው ቡድን በ2006 ሐምሌ ላይ በክሌይ ቤኔት ለሚመሩ የኦክላሆማ ሲቲ ከበርቴዎች በ350 ሚሊዮን ተሸጠ። ባለቤቶቹ በየዓመቱ ኪሳራ ደርሶብናል ይሉ ነበር፤ ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን አይረባም በተባለው አዳራሽ ውስጥ እየተጫወተ የቡድኑ ዋጋ በአምስት ዓመት በ150 ሚሊዮን ማደጉን ማየት ይበቃል።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የሲያትል መራጮች ከመቶ 74 በሚሆን ድምፅ አንድ ሕግ አጸደቁ። ንፍገት የሚባለው ይህ ነው። ሕጉን አንብበን የምንከራከር ግን ጥቂቶች ነን። ሕጉ ለስፖርት አንድ ሳንቲም አይውጣ አይልም። የከተማው ገንዘብ ለአንድ የንግድ ቡድን ቢውል፣ ቢያንስ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ የሚያስገኘውን ያህል ትርፍ ለከተማው ይመልስ ይላል። ገንዘቡን የሚያበድር ማን ነው ከዚህ ያነሰ የሚጠይቀው?

ሕዝቡ እንዲህ የመረረው በአንድ ቀን አልነበረም። በ1976 የተከፈተው ኪንግዶም የተባለው ስታዲየም በ1994 የጣሪያው ንጣፍ እየተነቀለ ስለ ወደቀ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ተጠግኖ ነበር፤ በ2000 በፈንጂ ፈረሰ፤ ዕዳው ግን ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። ለዐሥራ አምስት ዓመት ለሌለ ቤት ተከፈለ ማለት ነው! በ1995 ለቤዝቦል ስታዲየም ግብር ይጨመር ተብሎ ሕዝቡ ቢጠየቅ በጥቂት ድምፅ ብልጫ እምቢ አለ፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ሸንጎው ተሰብስቦ በሌላ ግብር ገንዘቡን ፈቀደ። በ1996 የእግር ኳሱ (የአሜሪካኖቹ ማለታችን ነው) ቡድን ባለቤት ወደ ሎስ አንጀለስ እሄዳለሁ ብሎ ዕቃውን ጫነ፤ በሚቀጥለው ዓመት በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 300 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ ከመቶ 51 በሆነ ድምፅ ተፈቀደ። የዚያን ምርጫ ወጪ የከፈለው ቡድኑን ሊገዛ የፈለገው ባለ ሀብት ራሱ ነበር። እንግዲህ የ2006ቱ መራጭ ይህን ሁሉ ያየ ሰው ነው።

አዲሶቹ ባለቤቶች በሬንተን 500 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ አዳራሽ፣ ያውም አብዛኛው በሕዝብ ገንዘብ፣ እንዲሠራ ጠየቁ። ሸንጎው በ2007 ይህንንም አልተቀበለም። ከተማው የኪራዩ ውል እንዲፈጸም ከሰሰ፤ በ2008 ሐምሌ ግን 45 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ቡድኑን ለቀቀ። ስሙና ቀለሙ ብቻ እዚህ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ይህ ማስፈራሪያ ኃይል የሚያገኘው ከምንድን ነው? ሊጉ ከ2004 ጀምሮ 30 ቡድኖች አሉት። አዲስ ቡድን የሚጨመረው ባለቤቶቹ ራሳቸው ሲስማሙ ብቻ ነው። ቡድን የሚሹት ከተሞች ከ30 በላይ ስለ ሆኑ፣ ምንጊዜም አንድ ባዶ ከተማ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ባለቤቱም ከከተማው ጋር ሲዋዋል ያንን ባዶ ከተማ እንደ ዱላ ይይዘዋል። ዱላው እንዳይጠፋ ደግሞ የቡድኖቹን ቁጥር ማሳነስ ይጠቅመዋል። የገበያ ነፃነት ዘወትር የሚሰበክበት አገር ይህን ሲፈቅድ ማየት ያስገርማል።

ይህንንም ከሩቅ ፈልገን ያመጣነው አይደለም፤ ሲያትል ራሷ ዱላ ሆና አይተናታል። በ2013 የሲያትል ባለ ሀብቶች የሳክራሜንቶን ቡድን ገዝተው ወደዚህ ለማምጣት ተነሡ። እዚህ ብዙ ሰው ተደሰተ፤ አረንጓዴና ቢጫ ለብሶ ወጣ። በ2008 በእኛ የደረሰውን በሌላ ከተማ ሕፃናት ላይ ልናደርስ መሆኑን ያሰበ ጥቂት ነበር። የሊጉ ባለቤቶች በ22 ድምፅ በ8 ዝውውሩን ከለከሉ፤ ሳክራሜንቶ ግን በነፃ አልዳነችም። ለአዲስ አዳራሽ 255 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከሕዝብ ለማዋጣት ተስማማች። የሳክራሜንቶ ሰዎች ይህን እንዲከፍሉ ያስፈራራቸው የእኛ ባዶ ወንበር ነበር።

ገንዘቡን የሰጠችውስ ከተማ አረፈችን? ኦክላሆማ ሲቲ አዳራሿን በ2002 በሽያጭ ታክስ ሠራች። በ2008 ቡድኑ ይመጣ ዘንድ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማደሻ በሽያጭ ታክስ እንዲወጣ መራጮቿ ፈቀዱ። በ2023 ደግሞ አዲስ አዳራሽ ካልተሠራ ቡድኑ ሊሄድ ይችላል ተብሎ፣ ቢያንስ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ ሌላ አዳራሽ ከመቶ 71 በሆነ ድምፅ ተፈቀደ። ከዚህ ውስጥ የቡድኑ ባለቤቶች ድርሻ 50 ሚሊዮን ነው። ቀሪውን የሚሸፍነው በአብዛኛው ዳቦም ጫማም የሚገዛው ሰው ነው። ቡድኑ በ2025 ዋንጫ ወስዷልና ሕዝቡ ደስታውን አግኝቷል፤ ይህን አንነፍጋቸውም። ነገር ግን «ቢሰጥ ኖሮ ያርፍ ነበር» የሚሉ ጓደኞቻችን ይህን ሂሳብ ይመልከቱ።

የሚጠቅም ክርክር ያቀረቡልን ከተማሪዎች ይልቅ በዚህ ከተማ ታክሲ የሚነዱና መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ወገኖቻችን ናቸው። «እናንተ መጽሐፍ ታነባላችሁ፤ እኛ በዓመት 41 የሥራ ምሽት ጠፋብን» ይላሉ። እውነት ነው። ለአንድ ሾፌር 41 ምሽት ቀላል ነገር አይደለም፤ በአዳራሹ ዙሪያ ያለ ምግብ ቤትም ይጎዳል። ነገር ግን ኳስ ሳያይ የቀረ ቤተ ሰብ ገንዘቡን አይቀብረውም፤ በሌላ ሰፈር፣ በሌላ ምግብ ቤት፣ በሲኒማ ያወጣዋል። የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ ሮጀር ኖልና አንድሩ ዚምባሊስት በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ የስፖርት አዳራሾች ለከተማ የሚያመጡት አጠቃላይ ዕድገት እጅግ ትንሽ መሆኑን አስረድተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈውም ብዙው ይህንኑ ያጸናል። በተጨማሪም በዚህ ክፍለ ሀገር በዚያን ጊዜ በደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አልነበረም፤ ግምጃ ቤቱን የሚሞላው በአብዛኛው የሽያጭ ታክስ ነበር። ይህም ከባለ ልዩ ክፍሉ ይልቅ ከሾፌሩ ኑሮ ላይ የሚበልጠውን እጅ ይወስዳል። ምሽቱን ያጣው ሰው ማደሻውንም ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ደግሞም አዳራሹ ሳይታደስ አልቀረም። አሮጌው ጣሪያ እንዳለ ተደግፎ ከሥሩ አዲስ አዳራሽ ተቆፍሮ በ2021 ተከፈተ፤ ወጪው 1.15 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን የግል ኩባንያ ገንዘብ ነው። መሬቱም ሕንፃውም የከተማው እንደ ሆነ ነው። ኩባንያው ይህን ያደረገው ለጽድቅ ሳይሆን ትርፍ ስለ ታየው ነው፤ እኛም ያልነው ይህንኑ ነው። ትርፍ ካለው ባለ ሀብቱ ያውጣበት፤ ከሌለው ደግሞ ኪሳራውን ሕዝብ የሚሸከምበት ምክንያት ምንድን ነው? ዐሥራ ሦስት ዓመት መጠበቅ ግን ከባድ ዋጋ እንደ ነበረ አንክድም። በዚያ ጊዜ እዚህ ያደጉ ልጆች የከተማቸውን የወንዶች ቡድን ሳያዩ አድገዋል።

በ2025 የሊጉ ባለቤቶች ቡድን ስለ መጨመር ጥናት እንዲደረግ አዘዋል፤ የሲያትልም ስም ከሚነሡት ዋነኛው ነው። ቡድኑ ቢመጣ እንደሰታለን፤ ትኬቱ ከአቅማችን በላይ ካልሆነ እንገባለን። ነገር ግን ከእንግዲህ «ይህ ትንሽ ነገር ካልተደረገልን» የሚል ጥያቄ ሲመጣ የ2006ቱ ሕግ እንዲነሣ ወይም እንዲታለፍ የሚጠይቅ ማንም ቢሆን፣ ማኅበራችን ይቃወማል። የከተማው ነዋሪና መራጭ የሆናችሁ አባሎች ምክር ቤቱ ሕዝብ በሚያዳምጥበት ቀን ተገኝታችሁ እንድትናገሩ እንጠይቃለን። ሾፌሮቹም አብረውን እንዲመጡ እንለምናለን፤ የነርሱ ቃል ከእኛ ይልቅ ይሰማልና። ይህን አስተያየት የሚቃወም ተማሪ ወይም መምህር ካለ መልሱን ከሁለት ገጽ ሳያስበልጥ ለአዘጋጆቹ ያቅርብ፤ በሚቀጥለው እትም ሳንቆርጥ እናወጣዋለን።