አየር አይጠራቀምም!

ቪዲዮ እስኪከፈት ማኪያቶ የቀዘቀዘባችሁ ወገኖቻችን፣ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ከራሳችን በላይ ያለው አየር የማን ነው? የሕዝብ ነው ይሉናል። ታዲያ ለምን እንደ ወርቅ ይቆለፍበታል?

ሽቦ አልባ ኢንተርኔት የሚጓዘው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ሁለት ኩባንያዎች በአንድ ቦታ አንድ ፍሪኩዌንሲ ቢጠቀሙ ይረባበሻሉ። ስለዚህ መንግሥት ሞገዱን ሸንሽኖ በፈቃድ ይሰጣል። እዚህ ድረስ ጠብ የለንም።

ጠባችን ከ2013ቱ ጨረታ ጋር ነው። ሁለት የቴሌኮም ፈቃድ ለገበያ ወጣ፤ ሁለት ተጫራች ብቻ መጣ። ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። ኤምቲኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ዶላር ግን "አነሰ" ተብሎ ተመለሰ። በ2015 ዳግም ጨረታ ቢወጣም እስከ 2016 መጨረሻ ሦስተኛ ኦፕሬተር አላየንም።

ለመሆኑ ዋጋውን ማን አወረደው? ራሱ ሻጩ! በጨረታው ጊዜ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ለውጭ ኩባንያ ዝግ ነበር። ማማ ብቻ ተክሎ የሚያከራይ ድርጅትም አይፈቀድም ነበር። ወይ ራስህ ትተክላለህ፣ ወይ ከተፎካካሪህ ከኢትዮ ቴሌኮም ትከራያለህ። በሬውን አስርቦ ገበያ ያወጣ ሰው፣ ገዢው ዋጋ ሲቀንስበት ምን ያስቆጣዋል? የሞባይል ገንዘቡ በር በኋላ በ2015 ሲከፈት አይተናል። መጀመሪያውኑ ቢከፈትስ ኖሮ?

"የሕዝብ ሀብት በርካሽ አይሸጥም" የሚሉን አሉ። ለመሬት ቢሆን እንስማማ ነበር፤ ዛሬ ያልተሸጠ መሬት ነገም እዚያው ነው። ሞገድ ግን የዛሬው ዛሬ ካልሠራ ለነገ አይተርፍም። ባዶውን ያለፈ ዓመት፣ ተማሪው ያላወረደው መጽሐፍ፣ ነጋዴው ያልሸጠው ዕቃ ነው። ማንም አይመልሰውም።

"ፈቃዱ እኮ ለ15 ዓመት ነው፤ አንዴ ከተሰጠ ተሰጠ" ይባል ይሆናል። እውነት ነው። መፍትሔው ግን ማስቀመጥ አይደለም። በዶላር የጎደለውን በግዴታ ማስከፈል ይቻላል። በዚህ ጊዜ እነዚህን ወረዳዎች አድርስ፣ ካላደረስክ ሞገዱን መልስ!

ስለዚህ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሆይ፣ በሚቀጥለው ጨረታ "ስንት ከፈሉ?" ብቻ አትበለን። "ስንት ሰው አገናኙ?" የሚለውን አስቀድምልን። ሞገዱ በላያችን ሞልቶ እኛ ኔትወርክ ፍለጋ ጣሪያ ላይ ከወጣን፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።