ምልክቱን አትፋቁት

በአገራችን አሮጌ ጠብመንጃ የአባት ቅርስ ነው። ከአገር ቤት መጥተው በቦሌ፥ በገርጂና በየካ የሰፈሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ስለ አያታቸው ጠብመንጃ የሚተርኩት ታሪክ አላቸው። ትረካውም አብዛኛውን ጊዜ ከዐድዋ ይጀምራል። ነገር ግን ብረቱ ራሱ ምስክር ነው፤ ምስክርነቱም ሠሪው የቀረጸበት ፊደል፥ አኃዝና ሥዕል ነው። ይህ ምስክር ሳይጠየቅ እንዳይጠፋ ማሳሰብ እወዳለሁ።

አበው ጠብመንጃን በመጣበት ስም ይጠሩት ነበር። ውጅግራ ያሉት «ፉዚል ግራ» የተባለውን የፈረንሳይ ጠብመንጃ ነው፤ ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ ቤልጅግም ስሙን ያገኘው ከተሠራበት አገር ነው። ዳሩ ግን ስም ብቻውን ዘመንን አይናገርም። ዘመንን የሚናገረው ምልክቱ ነው።

ተማሪ እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በብረቱ ላይ የተጻፈው ዓመት የፈረንጆች ነው። አንድ ሰው 1889 የሚል አግኝቶ በኛ አቈጣጠር ቢያነበው፥ ጠብመንጃው ከዐድዋ ድል በኋላ የተሠራ ይመስለዋል፤ ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነውና። በፈረንጆች አቈጣጠር ግን ድሉ በ1896 ስለ ዋለ፥ ያ ጠብመንጃ ከጦርነቱ ሰባት ዓመት አስቀድሞ የተሠራ ነው። በፋሺስት ዘመን በተሠሩ በብዙ የኢጣልያ ጠብመንጃዎች ላይ ደግሞ ከዓመቱ ሌላ በሮማውያን አኃዝ የተጻፈ ቍጥር ይገኛል። ይኸውም በፈረንጆች ከጥቅምት 1922 ጀምሮ የተቈጠረ የፋሺስቶች ዘመን ነው። ቍጥሩ 14 ከሆነ፥ ከሞላ ጐደል አገራችን የተወረረችበት 1928 ዓ.ም. ነው።

የይሁዳ አንበሳ የታተመበት የቤልጅግ ማውዘርም አለ። እርሱን ኤፍ ኤን የተባለው ፋብሪካ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የሠራው ነው። እንዲህ ያለው ጠብመንጃ ዐድዋ አልዘመተም፤ ማይጨው ግን ዘምቶ ይሆናል። ይህን ማወቅ አያትን አያዋርድም። በማይጨው የወደቀ ጀግና የዐድዋ ክብር መበደር አያስፈልገውም።

የሚያሳዝነው አንዳንዱ ሰው ብረቱን አሳምራለሁ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትገው ነው። ዝገቱ ሲለቅ ታሪኩም አብሮ ይለቃል። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠብመንጃዎች በአሜሪካ ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። በዚያ እያንዳንዱን ምልክት በማጉያ መነጽር የሚመረምር ሰው አለ። የኛን አንበሳ ባዕድ እየመረመረው፥ እኛ እዚህ ስንፍቀው መገኘት ያሳፍራል።

ይህን ስል መሣሪያ እንውደድ ማለቴ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። ተማሪም ጠብመንጃ መንካት የለበትም። ባለፈቃዱ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጦ ያሳየው፤ ተማሪው ደግሞ ምልክቱን በደብተሩ ይገልብጥ፥ ከጎኑም የሽማግሌውን ቃል ይጻፍ። ሁለቱ ቢስማሙ መልካም ነው፤ ባይስማሙ የታሪክ ምርመራ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ጠብመንጃው ነገ ለመንግሥት ቢመለስ ወይም በዝገት ቢያልቅ ምልክቱ በደብተራችን ይቅር። እርሳስና ወረቀት ከማንኛችንም ቤት አይጠፋም።