የሂውማን ሄር መፍቻ ቀን

ስለ ሂውማን ሄር አያያዝ በየስልካችን የሚደርሰን ምክር አብዛኛው ባሕር ዳርቻ ለሚዝናና ሰው የተጻፈ ነው። ከባሕር ጨው ጠብቂው፣ ከመዋኛ ገንዳ ክሎሪን አርቂው፣ ሰኔ ሲገባ ለፀሐዩ ተዘጋጂ ይላል። ጎንደር ላይ ግን ሰኔ ሲገባ የሚጀምረው ዝናቡ ነው፤ ፀሐዩና አቧራው የሚበረታው ከጥር ወዲህ፣ ይልቁንም በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ወቅቱን ማገላበጥስ ቀላል ነበር። ትልቁ ጉድለት ምክሩ ሁሉ ለተገዛው ፀጉር ብቻ መጨነቁ ነው። ከሥር ተጎንጉኖ ስፌቱን የተሸከመውን የራስ ፀጉር የሚያስታውሰው የለም። በእኔ እምነት በበጋም ሆነ በመንገድ ለሂውማን ሄር ከሚደረግለት እንክብካቤ ሁሉ የሚቀድመው በጊዜው መፍታት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው።

የተገዛው ፀጉር ከበቀለበት ራስ ከተለየ ቆይቷል። ከራስ ቅል ቆዳ የሚወጣው ወዝ አይደርሰውም፤ ደረቅ አየር የወሰደበትን እርጥበት የሚተካለት የለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳና ፀጉር የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። እናም ነፋሱ ስለበረደን ፀሐዩ አልነካንም ማለት አይደለም፤ ጥቁር ቀለም የተነከረ ሂውማን ሄር በአንድ በጋ ቀላ የሚለው በከንቱ አይደለም። ከዚህ ተነስቶ ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለ ቆላ ይገባል። ጠዋት ብርድ ያደረቀው ፀጉር ከሰዓት በላብ ይርሳል፣ አቧራውም ከላቡ ጋር ስፌቱ ላይ ይጋገራል። መላው ውድ አይደለም። ፀጉሩን ላላ አድርጎ መጎንጎን፣ በሳቲን ሻሽ መጠቅለል፣ ነጠላውን ከሻሹ በላይ መከናነብ ይበቃል። ነጠላ ጥጥ ስለሆነ ለብቻው ሲሆን እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ፀጉሩንም ይፈትገዋል። ለጋ ቅቤ ለራስ ፀጉር የሚሰጠውን ጥቅም ማንም አይነግረንም፣ እናውቀዋለን፤ የተሰፋ ፀጉር ላይ ሲሆን ግን ስፌቱ ውስጥ ይገባና አቧራ ይሰበስባል፣ ቆላ ሲወረድ ይሸታል፣ ለማስለቀቅም ብዙ ውሃ ይጠይቃል።

ውሃው ነው ጉዳዩን የኛ የሚያደርገው። አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ አቅሙ ተዳክሟል፤ የጎንደር ሰው በፈረቃ የምትመጣ ውሃ በጀሪካን አጠራቅሞ ያድራል። «በየሳምንቱ እጠቢው» የሚለው ምክር እንዲህ ላለ ቤት ምክር ሊባል አይችልም። መታጠቢያው ከራቀ ላብና ቆሻሻው ስፌቱ ሥር ይከርማል፤ ስለዚህ እኛ ዘንድ ሂውማን ሄር ራስ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ውሃ ከሞላበት አገር ይልቅ ማጠር ነበረበት። የምናደርገው የተገላቢጦሽ ነው። በተቃራኒው ውሃ የሚበዛበት አንድ ቀን አለን፤ ጥር 11። በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ጠበሉ ዘሎ ለገባው ብቻ አይደርስም፣ በዙሪያው የቆመው ሁሉ ይረጫል። የላይኛው ፀጉር በነፋሱ ቶሎ ይደርቃል፣ ከሥር ያለው ጉንጉን ግን እርጥብ እንደሆነ ማታ ብርድ ውስጥ ያድራል። ካስክ ውስጥ ገብቶ ሥሩ ድረስ ማድረቅ ያን ቀን ቅንጦት አይደለም።

በጊዜው መፍታት ለሚለው ማስረጃው አዲስ አይደለም። ፀጉር በመወጠር ብዛት ከግንባርና ከጆሮ ግንድ እየሳሳ እንደሚሸሽ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ ታማሚዎቹም ፀጉራቸውን አጥብቀው የሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኬፕታውን ላይ ይፋ የሆነ ጥናት ከመረመራቸው ሴቶች ወደ ሲሶ የሚጠጉት ላይ ይኸው ጉዳት እንዳለ አሳይቷል። መወጠሩ ገና ሳይቆይ ከተተወ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይሞታል። ጊዜም የራሱ ሥራ አለው። ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ ስለዚህ በ2 ወር ስፌቱ ከራስ ቅሉ ርቆ ይንጠለጠልና ክብደቱን ሁሉ በቀጭኑ አዲስ እድገት ላይ ይጥላል። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር በተፈጥሮ ይረግፋል፤ የረገፈው ከጉንጉኑ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይቆያል። ሲፈታ በጭብጥ የሚወጣው ፀጉር የሚያስደነግጠን ለዚህ ነው። ያ በአብዛኛው ጉዳት ሳይሆን የከረመ ርጋፊ ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው ርጋፊው ከቆመው ጋር ተቋጥሮ በማበጠሪያ ሲጎተት ነው።

እንግዲህ የስፌቱ ቆይታ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ልኩ ከሆነ፣ የደጋው ሰው ሌላ መቁጠሪያ መፈለግ አያሻውም። ለገና የተሰፋ ሂውማን ሄር ጥምቀትን፣ የጥርን ሰርግ ሁሉ አሳልፎ ለቅበላ ይፈታል። ዐቢይ ጾም የሚገባው ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ከገና እስከዚያ ያለው ቆይታ ከ1 ወር እስከ 2 ወር ከጥቂት ቀን ነው። የጾሙ 55 ቀን ደግሞ አቧራው የሚብስበት፣ ውሃው የሚመነምንበት ወቅት ነው፤ ራስ የሚያርፍበት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ጾሙ የማይመለከታት ሙስሊም እህት በሒጃብ ሥር ያለው ስፌት ቶሎ አየር ስለማያገኝ ቆይታውን ብታሳጥረው እንጂ ባታስረዝመው ይመረጣል። ለክረምት ከውጭ ለሚመጡት ወገኖቻችንም ነገሩ ያው ነው፤ ለእነርሱ የፀሐይ ወራት የሆነው ለኛ የዝናቡ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ የተሰፋ ፀጉር በዚያ ዝናብ በቀላሉ አይደርቅም። ላላ ያለ ሹሩባ ሠርቶ መምጣት ይሻላል።

ዋጋውስ? የሚል ይኖራል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ተወዷል፤ ብዙ ብር የወጣበትን ነገር በ2 ወር ፍቺው ማለት ይከብዳል። ነገር ግን የተፈታ ሂውማን ሄር አይጣልም። ታጥቦ፣ ጥላ ውስጥ ደርቆ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ለፋሲካ እንደገና ይሰፋል፤ እንዲያውም ዕድሜው የሚረዝመው ያኔ ነው። የሚጨመረው ወጪ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው፣ እርሱም ቀላል ባይሆንም ከጠፋ የግንባር ፀጉር ይረክሳል። ሹሩባስ አይወጥርም ወይ ለሚለው፣ በሚገባ ይወጥራል። የግሪንላንዶቹ ሴቶች ቅጥያ የሚባል ነገር አልነካቸውም። ሹሩባ የአገር ነው፣ ሂውማን ሄር የባዕድ ነው የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይጠቅመንም፤ አጼ ቴዎድሮስ ሹሩባ ተሠርተው መታየታቸው ጠባብ ጉንጉን ለልጅ ግንባር ደህና ነው አያሰኝም። በዊግ የተሠራ ሹሩባም ክብደት አለው። ሲሠራ ያመመ፣ ማታ የሚያስተኛ ማስታገሻ ያስፈለገው ሥራ ከየትም ይምጣ ጠብቋል።

የሚቀረው የፀጉር ቤቶቹ ድርሻ ነው። ዛሬ ደንበኛዋ ለስፌቱ ትከፍላለች፣ መፍቻው ለብቻ ስለሚከፈል ቀኑን ትገፋዋለች፣ ወይም ቤቷ በመቀስ ትፈታውና የራሷን አብራ ትቆርጣለች። የመፍቻው ሂሳብ ከመስፊያው ጋር ተደምሮ ቢከፈልና ቀኑ በዚያው ዕለት ቢቆረጥ፣ ቀድማ ከከፈለችበት ቀጠሮ የምትቀር ብዙ አትኖርም። ሠሪዋም ብትሆን የገና ደንበኛዋ ለቅበላ ተመልሳ እንደምትመጣ ካሁኑ ታውቃለች።