የቁጣና የሥጋት ሥራ

ቻርልስ ዳርዊን የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ሊቅ አንድ ቀን በለንደን የአራዊት ማቆያ ውስጥ፣ እፉኝት ከተቀመጠበት ወፍራም መስተዋት ፊቱን አስጠግቶ ቆመ። እባቡ ሊነድፈው ቢወረወርም እንኳ ካለበት ላለመነቃነቅ ቁርጥ ሐሳብ አድርጎ ነበር። መስተዋቱ እንደማይሰበር፣ መርዙም እንደማይደርስበት ያውቃል። ይሁን እንጂ እባቡ በተወረወረ ጊዜ ዳርዊን ሳያስበው አንድ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ይህንን ገጠመኙን ስለ ሰውና ስለ እንስሳት የስሜት አገላለጽ በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1872 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮታል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው የአማርኛ ተረት ነገሩን በከፊል ያስረዳል። በከፊል መባሉም ስለ ምክንያት ነው፤ ተረቱ የሚናገረው አደጋ ቀምሶ ስለሚያውቅ ሰው ሲሆን፣ ዳርዊን ግን በእፉኝት ተነድፎ አያውቅም ነበር። ፍርሃቱ ከትምህርቱም ከፈቃዱም ቀድሞ ደረሰ።

ፍርሃት፣ ሥጋት፣ ቁጣና ኀዘን በብዙ ሰዎች ዘንድ እንደ ጠላት ይቆጠራሉ። ወንዱ ልጅ «ወንድ አይፈራም» ሲባል፣ ሴቲቱም «ጨዋ ልጅ አትቆጣም» ስትባል ያድጋሉ። ቅር የተሰኘ ሰው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ሲል ብልኅ ይባላል። ምክሩ ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። በአንድ ግቢ የሚኖሩ፣ ከአንድ ጉድጓድ ውኃ የሚቀዱ ሰዎች የተሰማቸውን ቅሬታ ሁሉ በየሰዓቱ ቢናገሩ ጉርብትና የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። ስሕተቱ የሚመጣው ስሜቱን ከድርጊቱ ጋር አንድ አድርጎ በመቁጠር ነው። መቆጣትና መማታት፣ መፍራትና መሸሽ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሳይጠሩ ይመጣሉ፤ ሁለተኛዎቹን ግን ሰው ሊመርጣቸው ወይም ሊተዋቸው ይችላል።

ስሜቱ ሳይጠራ የሚመጣው ለምን እንደ ሆነ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ዋልተር ካነን የተባለው አሜሪካዊ የአካል አሠራር ተመራማሪ ነው። ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ውሻ የጮኸባት ድመት የሆድ ዕቃዋ እንቅስቃሴ ይቆማል። ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚመነጨው አድሬናሊን የተባለው ቅመም ወደ ደሟ ይገባል፤ ልብ በኃይል ይመታል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይዞራል። የሰውም አካል እንዲሁ ነው። በፈተና ዋዜማ አፍ የሚደርቀው፣ ምግብ አልዋጥ የሚለው፣ እጅ የሚያልበው አካሉ ታምሞ ሳይሆን ለትግል ወይም ለሽሽት ተሰናድቶ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አካል ለቁጣ የሚሰናዳበትና ለፍርሃት የሚሰናዳበት መንገድ እጅግ ተቀራራቢ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው አባት የተቆጣ የሚመስለው፣ በእውነቱ ግን የፈራ ሰው መሆኑ ከዚህ የተነሣ አያስገርምም። ልጁ ሳይመጣ የመሸበት አባት በር ላይ ሲጠብቅ በሥጋት ይንቀጠቀጣል፤ ልጁ በደኅና የደረሰ እንደ ሆነ ግን ሥጋቱ ወዲያው ቁጣ ሆኖ ይወርድበታል።

ፍርሃት ባይኖርስ ሰው ምን ይሆን ነበር? ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አንድ መልስ በአሜሪካ ተገኝቷል። አንዲት ሴት በአንጎል ውስጥ የሚገኙትንና አሚግዳላ የሚባሉትን ሁለት ትንንሽ ክፍሎች ብዙም በማያጋጥም በሽታ ምክንያት አጥታለች። ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት እንደ ተከታተሏት፣ እባብ በእጇ ይዛ ትደባብሳለች እንጂ አትሸሽም። ሰዎች ከአንድ ጊዜ በላይ ሕይወቷን ለአደጋ ጥለውባታል፤ እርሷ ግን ሌላው ሰው ከሩቁ የሚርቀውን ስፍራና ሰው አትርቅም። እንዲህ ያለውን ነገር ጀግንነት ብሎ መጥራት አይቻልም። ጀግና የሚባለው ፍርሃቱን ይዞ የሚቆም ሰው ነውና።

ሥጋት ምን ያህል ሲሆን እንደሚጠቅም ለማወቅም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ አይጦች ነጩን ሣጥን ከጥቁሩ ለይተው እንዲገቡ ሲያስተምሩ፣ የተሳሳተውን አይጥ በኤሌክትሪክ ነዘሩት። ሣጥኖቹ በቀላሉ የሚለዩ ሲሆኑ ንዝረቱ በበረታ መጠን አይጦቹ ቶሎ ተማሩ። መለየቱ አስቸጋሪ ሲሆን ግን ቶሎ የተማሩት መካከለኛ ንዝረት ያገኛቸው ናቸው፤ ንዝረቱ የበረታባቸው ወደ ኋላ ቀሩ። የአይጥን ነገር እንዳለ ወደ ሰው ማዛወር ተገቢ አይሆንም፤ ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ የቆየ መምህር ሁሉ ይህን መሰል ነገር አይቷል። ምንም የማይሠጋው ተማሪ መጽሐፉን አይገልጥም። እጅግ የሠጋው ደግሞ ገልጦ ያነበው አይገባውም።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ፈተናውን በሚያስብበት ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣ ተማሪ ቢኖር ሐሰተኛ ፍርሃት ፈራ ሊባል አይችልም። የሚፈራው ነገር በእርግጥ አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ «አይዞህ፣ አትፍራ» ማለት ደግ ቃል ነው፤ ነገር ግን ሥጋቱ ለጠየቀው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ሥጋቱ የሚለው «ገና ያልተዘጋጀህበት ነገር አለ» ነው። ያ ነገር ሒሳብ ነው ወይስ እንግሊዝኛ? የትኛው ምዕራፍ ነው? ጥያቄው በዚህ ዓይነት ሲጠብ ሥጋቱም ይጠባል፤ የቀረው ሥራ ስለ ሆነ ሥራው ተጀምሮ ማለቅ ይችላል። እርግጥ ነው፣ ምክንያቱ ካለፈ በኋላ እንኳ አልለቅ ያለ፣ ለሳምንታት ምግብና እንቅልፍ የሚከለክል ጭንቀት አለ። ይህ የስንፍና ወይም የእምነት ማነስ ምልክት ሳይሆን እንደ ወባ ሁሉ ወደ ጤና ባለሙያ የሚያስኬድ ጉዳይ ነው።

የቁጣ ነገር ከሥጋት ይልቅ ያከራክራል። ሴኔካ የተባለው የሮም ፈላስፋ ስለ ቁጣ በጻፈው መጽሐፍ ቁጣ ከእብደት የማይሻል፣ ለጦር ሜዳ እንኳ የማይጠቅም ነገር መሆኑን ተከራክሯል። ከእርሱ በፊት የነበረው አሪስጣጣሊስ ግን በሚገባው ነገር፣ በሚገባው ሰው ላይ፣ በሚገባው ጊዜና መጠን የሚቆጣውን ሰው ያመሰግናል፤ በሚያስቆጣ ነገር የማይቆጣውንም ሞኝ ይለዋል። ከሁለቱ የትኛው እንዳመዘነ ለመፍረድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የኢትዮጵያ ታሪክ ራሱ ሁለት የነገሥታት ቁጣዎችን አቅርቧል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም መልስ ሳይሰጠው ቀረ። አንድ ንጉሥ ለሌላ ንጉሥ የጻፈው ደብዳቤ መልስ ማጣቱ ንቀት ነው፤ የቴዎድሮስ ቁጣ ስለዚህ መሠረት የሌለው አልነበረም። ነገር ግን ቁጣው ያረፈው ደብዳቤውን ችላ ባሉት የለንደን ሹማምንት ላይ ሳይሆን በእጃቸው ባገኟቸው ሰዎች ላይ ሆነ። በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ። ይህም በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራውን ጦር ወደ መቅደላ አመጣ። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. አያሌ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ዳቦና ውኃ ብለው በጮኹ ጊዜ ንጉሡ እጅግ ተቆጡ፤ እስረኞቹም ተገድለው ወደ ገደል ተጣሉ። ከአራት ቀን በኋላ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ለንደን በናቀች በመቅደላ ያለው እስረኛ ዕዳውን ከፈለ።

ሁለተኛው ቁጣ የውጫሌ ውል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለምታደርገው ጉዳይ ብትወድ በኢጣልያ መንግሥት ልትረዳ እንደምትችል ሲናገር፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ነበር። ተንኮሉ ሲገለጥ ዐፄ ምኒልክም እቴጌ ጣይቱም ተቆጡ፤ የእቴጌይቱ ቁጣ በተለይ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር በተደረገው ክርክር ላይ በግልጽ ታየ። ይሁን እንጂ መልእክተኛው አልታሰረም። ቁጣው ደብዳቤ ሆኖ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ተጻፈ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሰረዝ ሆነ፤ ከዚያም የጦር መሣሪያ ማከማቸትና በ1888 ዓ.ም. መስከረም የክተት አዋጅ ሆነ። ከውሉ መፈረም እስከ ዓድዋ ጦርነት፣ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድረስ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። መዘግየቱ ሁሉ ከትዕግሥት ብቻ መጣ ማለት አይገባም፤ አገሩ በእነዚያ ዓመታት በከብት እልቂትና በክፉ ቀን ረኀብ ተመትቶ ነበር። ቢሆንም ያ ዘመን ቁጣውን አላጠፋውም፤ መልክ ሰጠው እንጂ። የቁጣው መጠን በሁሉ ላይ እኩል እንዳልተጠበቀም መሸሸግ አያስፈልግም። የኢጣልያ ምርኮኞች ተጠብቀው ቆይተው ከአዲስ አበባው ውል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ለኢጣልያ ተሰልፈው የተማረኩት ኤርትራውያን ወታደሮች ግን ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆረጡ።

ስለዚህ አሪስጣጣሊስ በከፊል ትክክል ነው፤ ሴኔካም ቢሆን በአንድ ነገር ሊደመጥ ይገባል፤ ለቁጣ ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ማዘግየት መሆኑን ጽፏልና። ብዙ ሰው ግን የሚያምነው ተቃራኒውን ነው። ንዴት በውስጥ ሲታመቅ ይመርዛልና ጮኾ፣ ዕቃ ሰብሮ ወይም ትራስ ደብድቦ ማውጣት ይሻላል ይላል። ብራድ ቡሽማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትሟል። ድርሰታቸው ክፉኛ ተነቅፎባቸው ከተቆጡት ተማሪዎች መካከል፣ ነቃፊያቸውን እያሰቡ የቦክስ መለማመጃ ከረጢት የደበደቡት ከሁሉ ይልቅ ተቆጥተው ተገኙ፤ ምንም ሳያደርጉ ዝም ብለው የተቀመጡት ይልቁን በረዱ። እንጨት እየጨመሩ እሳት አይጠፋም።

የገጠር ሽማግሌዎች ይህን ሁሉ ምርምር ሳያነቡ ያውቁታል። የተጣሉ ሰዎች ፊታቸው ሲቀርቡ በመጀመሪያ ተበዳዩ በደሉን ከሥር ከመሠረቱ እንዲናገር ይደረጋል፤ በመካከል ገብቶ የሚያቋርጠው ሰው ይገሠጻል። «አትቆጣ» የሚለው የለም። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ነገሩ በዚያው ቀን ሊቆረጥ የሚችል እንኳ ቢሆን ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ምስክር አልተሟላም ብለው ሌላ ቀጠሮ ይጨምራሉ። ነገሩን የማያውቅ ሰው ሥራ ፈትነት ይመስለዋል። በሦስተኛው ቀጠሮ ተበዳዩ ከዛፉ ሥር ሲቀመጥ በደሉን አልረሳውም፤ የሚጠይቀው ግን የባላጋራውን ደም ሳይሆን የተነዳበትን በሬና በሬው ያልሠራበትን የእርሻ ወራት ዋጋ ነው።